ሦስተኛው ሲሊንደር፤ ስለ ጀርመኑ ዐይነት 44 የዕቃ ባቡር ሎኮሞቲቭ የቀረበ ሒስ

ስለ እንፋሎት ሎኮሞቲቭ የሚጻፈው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ወገን የሚመጣ ነው። አንደኛው ወገን የመኪናውን ክብደትና ጕልበት እየዘረዘረ ያደንቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ ናፍጣና ኤሌክትሪክ ከመጡ ወዲህ ነገሩ ያለፈበት ስለሆነ ምርመራ አያሻውም ይላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ነገር ይዘሉታል፤ ይኸውም መኪናውን ያቀዱት ሰዎች ከፊታቸው ከነበሩት መንገዶች መካከል አንዱን ስለ ምን እንደ መረጡና ምርጫቸው በሥራ ላይ ሲፈተን ምን ሆኖ እንደ ተገኘ መጠየቅ ነው። ሎኮሞቲቭም እንደ መጽሐፍ ወይም እንደ ሕንፃ የሰው ሐሳብ ውጤት ነውና ሒስ ሊቀርብበት ይገባል።

ለዚህ ሒስ የመረጥነው በጀርመን አገር ዐይነት 44 በመባል የሚታወቀውን ከባድ የዕቃ ባቡር ሎኮሞቲቭ ነው። ከ1926 እስከ 1949 ድረስ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) 1,989 ያህል ተሠርተዋል። ሠራተኞቹ «ጃምቦ» እያሉ ይጠሩት ነበር። በእያንዳንዱ ጐን ከፊት አንድ አነስተኛ መንኰራኵር፣ ከእርሱም በስተኋላ እርስ በርሳቸው የተያያዙና 1,400 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው አምስት ነጂ መንኰራኵሮች ይታያሉ። ለዓይን የማይታየው ግን ዋናው ጕዳያችን ነው፤ በግራና በቀኝ ካሉት ሁለት ሲሊንደሮች ሌላ ሦስተኛ ሲሊንደር በመካከል፣ በሎኮሞቲቩ ክፈፍ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። ይህ ሦስተኛ ሲሊንደር ያስፈልግ ነበርን? ብዙ ክርክር የተደረገውም፣ እኛም አስተያየት የምንሰጠው በዚህ ላይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ 1920 መመለስ ያሻል። በዚያ ዓመት የፕሩሲያ፣ የባቫሪያ፣ የሳክሶኒና የሌሎቹም የጀርመን መንግሥታት የምድር ባቡሮች ወደ አንድ ድርጅት፣ ወደ ራይኽስባን ተጠቃለሉ። አዲሱ ድርጅት ከየመንግሥቱ የተረከባቸው ሎኮሞቲቮች ከሁለት መቶ የሚበልጡ ዐይነቶች ነበሩ። የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንም፤ በአንዱ ጋራዥ የሠለጠነ ሠራተኛ ወደ ሌላው ሲዛወር እንደ ገና መማር ነበረበት። ስለዚህ በሪቻርድ ፓውል ቫግነር መሪነት ወጥ የሆኑ፣ ዕቃቸው እርስ በርሱ የሚለዋወጥ ሎኮሞቲቮች እንዲታቀዱ ተወሰነ። ለዋና ዋናዎቹ መስመሮችም በአንድ አክስል ላይ 20 ቶን ክብደት እንዲያርፍ ተፈቀደ። ሐዲዱና ድልድዩ ግን ይህን ክብደት ለመሸከም ገና መጠናከር ነበረባቸውና ዕቅዱ ከመንገዱ ቀድሞ ሄደ ማለት ይቻላል።

በከባድ የዕቃ ሎኮሞቲቭ ረገድ አቃጆቹ በአንድ ሐሳብ አልተስማሙም። ስለዚህ አንድ የሚያስመሰግን ነገር አደረጉ፤ ክርክሩን በወረቀት ላይ ከመጨረስ ይልቅ በ1926 እና በ1927 ሁለት ዐይነት ሎኮሞቲቮችን አሥር አሥር አሠሩ። ቦይለሩ፣ ክፈፉና መንኰራኵሩ በመሠረቱ አንድ ነው፤ ዋናው ልዩነት የሲሊንደሩ ነበር። ዐይነት 43 ሁለት ትልልቅ ሲሊንደሮች፣ ዐይነት 44 ደግሞ ሦስት መካከለኛ ሲሊንደሮች ተሰጡት። አንድን ጥያቄ ብቻ ለይቶ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም፤ የኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን በቤተ ሙከራ የሚሠሩትም ይህንኑ ነው።

የሙከራው ውጤት እንዲህ ሆነ። ጕልበቱ እስከ 1,500 የፈረስ ጕልበት ገደማ በሆነበት ሥራ ሁሉ ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ዐይነት 43 ያነሰ ከሰል ይበላ ነበር፤ ባለ ሦስቱ የሚያዋጣው ከዚያ በላይ ሲጐተት ብቻ ሆነ። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። እያንዳንዱ ሲሊንደር እንፋሎቱን የሚያቀዘቅዝ ግድግዳ፣ እንፋሎት የሚያሾልክ ማሸጊያና የሚፋተግ ፒስቶን አለው፤ ሦስተኛ ሲሊንደር መጨመር ይህን ሁሉ መጨመር ነው። ሥራው ቀላል ሲሆን ኪሳራው ጐልቶ ይታያል፤ ሥራው ሲከብድ ግን ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር ያንሳል። በዚያን ጊዜ የነበሩት የዕቃ ባቡሮች አብዛኞቹ ከዚህ ወሰን በታች ይሠሩ ስለ ነበር፣ ድርጅቱ እስከ 1928 ድረስ ሌሎች 25 የዐይነት 43 ሎኮሞቲቮችን አስጨመረ። ዐይነት 44 በአሥሩ ብቻ ቆመ። ነገሩ ያለቀ መሰለ።

ለእኛ ግን ያላለቀው እዚህ ላይ ነው። ሙከራው ትክክል ነበር፤ ፍርዱ ግን ጠባብ ነበር እንላለን። የተለካው ከሰል ነው፤ ከሰልም ሊለካ የሚገባው ነገር መሆኑን ማንም አይክድም። ዳሩ ግን ሎኮሞቲቭ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት የሚሠራ ዕቃ ነው፤ በተገዛበት ዓመት የሚጐትተውን ባቡር ብቻ መዝኖ መፍረድ ማለት ልጅን በአምስት ዓመቱ ለክቶ የዕድሜ ልክ ልብስ እንደ ማሰፋት ነው። ከእኛም መካከል ነገ በመሥሪያ ቤት ተቀምጠው ትራክተር፣ ጀነሬተር ወይም ባቡር ለመግዛት የሚፈርሙ ይኖራሉና ይህ የፍርድ አሰጣጥ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ከከሰሉ ሌላ ምን መለካት ነበረበት? እኛ ባለን የመኪናዎቹ ልክ ላይ ተመሥርተን አንድ ቀላል ሒሳብ አስልተናል። የዐይነት 43 ሲሊንደር ስፋቱ 720 ሚሊ ሜትር፣ የእንፋሎቱም ግፊት በካሬ ሴንቲ ሜትር 14 ኪሎ ግራም ነው። ስለዚህ በአንዱ ፒስቶን ላይ የሚያርፈው ኀይል በሙሉ ግፊት ጊዜ ወደ 57,000 ኪሎ ግራም ይሆናል። በኋላ በብዛት የተሠራው ዐይነት 44 የሲሊንደሩ ስፋት 550 ሚሊ ሜትር፣ ግፊቱ 16 ኪሎ ግራም ሲሆን በአንዱ ፒስቶን ላይ የሚያርፈው 38,000 ኪሎ ግራም ያህል ነው። አሁን ሁለቱን በሁለት፣ ሦስቱን በሦስት ብናባዛ በሁለቱም በኩል የምናገኘው 114,000 ኪሎ ግራም ገደማ ነው! ይኸውም ሁለቱ መኪናዎች በጠቅላላ ኀይል እኩል ናቸው ማለት ነው። ልዩነቱ አንዱ ሸክሙን ለሁለት፣ ሌላው ለሦስት ማካፈሉ ነው።

ይህ መከፋፈል ምን ጥቅም አለው? በመጀመሪያ፣ በፒስቶኑና በመንኰራኵሩ መካከል ያለው ዘንግ፣ ጋራዦቻችን ቢዬላ የሚሉት ማለት ነው፣ በባለ ሁለቱ መኪና ላይ አንድ ተኩል ጊዜ የሚበልጥ ኀይል ይሸከማል። ስለዚህ መወፈር አለበት፤ ሲወፍር ይከብዳል፤ ሲከብድ ደግሞ በፈጣን ጕዞ ወዲያና ወዲህ የሚወረወረው ብረት መኪናውን ያናውጣል፣ ሐዲዱንም ይደበድባል። ሁለተኛ፣ ሦስቱ ክራንኮች የክብን ሦስተኛ ያህል ተራርቀው ስለሚቆሙ መንኰራኵሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ስድስት ግፊት ያገኛል፤ ባለ ሁለቱ የሚያገኘው አራት ነው። ግፊቱ እየተቈራረጠ ሳይሆን ተቀጣጥሎ ስለሚመጣ፣ ከባድ ባቡር ከቆመበት በዳገት ላይ ሲነሣ መንኰራኵሩ በቀላሉ አይንሸራተትም። በርጥብ ሐዲድ ላይ ከሺሕ ቶን በላይ ይዞ ለሚቆም ነጂ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በከሰል ሚዛን ላይ ግን አይታይም።

ዘመኑም ሳይቆይ ፈረደ። በ1920ዎቹ ውስጥ የጀርመን የዕቃ ሠረገላዎች በአየር ግፊት የሚሠራ ፍሬን ተገጥሞላቸው ነበርና የዕቃ ባቡር እንደ ቀድሞው ማዝገም አላስፈለገውም። የ1929ኙ የኢኮኖሚ ውድቀት ግዥውን ሁሉ አዘገየ እንጂ አዝማሚያውን አልለወጠውም። በ1930ዎቹ አጋማሽ ለከባድ የዕቃ ባቡር በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲፈለግ፣ የዐይነት 43 የፍጥነት ወሰን 70 ሆኖ ተገኘ። አሥር ኪሎ ሜትር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 1,400 ሚሊ ሜትር የሆነ መንኰራኵር በ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በደቂቃ 265 ጊዜ፣ በ80 ደግሞ 303 ጊዜ ይዞራል፤ የሚወረወረው ብረት የሚፈጥረው ኀይል የሚያድገው ደግሞ በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። ስለዚህ ነውጡ ከሠላሳ ከመቶ በላይ ይጨምራል። ከ1937 ጀምሮ የተሠራው ዐይነት 44 ሆነ፤ ዐይነት 43 በ35 ቀረ።

እንግዲህ ባለ ሦስት ሲሊንደሩ አሸነፈ ተብሎ እዚህ ላይ መጨብጨብ ይቻል ይሆናል። አድናቂዎቹ የሚያደርጉት ይህንን ነው፤ ማስረጃቸውም ቍጥሩ ነው፤ ወደ ሁለት ሺሕ የሚጠጋ ሎኮሞቲቭ ጥሩ ባይሆን ኖሮ አይሠራም ይላሉ። ይህን ማስረጃ አንቀበለውም። ከእነዚህ ሎኮሞቲቮች የሚበዙት የተሠሩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው፤ ያዘዛቸውም ጦርነቱ እንጂ የመኪናው መልካምነት አይደለም። በጀርመን የሎኮሞቲቭ ፋብሪካዎች ውስጥ በግዴታ የመጡ የውጭ አገር ሠራተኞች ይሠሩ ነበር፤ ብዙዎቹ የዐይነት 44 ሎኮሞቲቮችም በተያዘችው ፈረንሳይ ፋብሪካዎች በትእዛዝ ተሠሩ። ራይኽስባንም በዚያን ጊዜ የድንጋይ ከሰልና መድፍ ብቻ የሚያጓጕዝ ድርጅት አልነበረም፤ የአውሮፓን አይሁድ ወደ ሞት ሰፈሮች የወሰዱት ባቡሮች የተንቀሳቀሱት በዚሁ ድርጅት የጊዜ ሠሌዳ ነው። በእንዲህ ያለ ዘመን የተሠራን ዕቃ ብዛት እንደ ምስክር ወረቀት ማቅረብ አይገባም።

በዕቅድ ረገድም ቢሆን የጦርነቱ ዘመን የሚያስገርም ተቃርኖ ያሳያል። በ1942 የሎኮሞቲቭ ሥራ በጌርሃርድ ደገንኮልብ በሚመራ ኮሚቴ ሥር ሲውል፣ ትእዛዙ በአጭር ጊዜና በጥቂት ብረት ብዙ መሥራት ነበር። ከዐይነት 44 ላይ ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ውሃ አስቀድሞ የሚያሞቀው ዕቃና ጢስን ከነጂው ዓይን የሚከለክሉት ሰሌዳዎች ተነሡ። ዋናውን ወጪ የሚያስከትለው፣ በጥንቃቄ የሚቀጠቀጠው ባለ ክራንክ አክስልና መካከለኛው ሲሊንደር ግን እንዳለ ቀረ። ቆብን አውልቆ ካባን እንደ መተው ነው። ከሺሕ በላይ ጊዜ የተሠራው የጦርነቱ ሎኮሞቲቭ ዐይነት 52 ሁለት ሲሊንደር ብቻ ነበረው፤ በ1943 የመጣው ከባዱ ዐይነት 42ም እንዲሁ። ለአጭር ዕድሜና ለሻካራ አያያዝ ሲሆን ሁለቱ ሲሊንደር ይሻል እንደ ነበር ያቀዱት ሰዎች ራሳቸው በሥራ መስክረዋል። ከዚህም ሌላ ዐይነት 52 በአንድ አክስል 15 ቶን ገደማ ብቻ ስለሚያሳርፍ ደካማ ሐዲድ ባለበት ሁሉ ይገባል፤ 20 ቶን የሚያሳርፈው ዐይነት 44 ግን በተጠናከሩት ዋና መስመሮች የታጠረ ነበር።

ከሲሊንደሩ ይልቅ እኛ አጥብቀን የምንነቅፈው ግን ቦይለሩን ነው፤ ይህ ጕድለት በዚያ ሁሉ የሲሊንደር ክርክር ተሸፍኖ ኖረ። ቫግነር ረጃጅም ቱቦዎችን ይወድ ነበር። የዐይነት 44 ቱቦዎች 5.8 ሜትር ይረዝማሉ። ውሃውን ከሚያፈላው 237 ካሬ ሜትር ገደማ ከሆነው ገጽ ውስጥ በእሳት ሣጥኑ ዙሪያ ሆኖ ነበልባሉን በቀጥታ የሚያየው 18 ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከነበልባል ጋር ፊት ለፊት ያለ ብረት የሚቀበለው ሙቀት ከቱቦው መጨረሻ ከሚገኘው ብረት በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ድስት የጣደ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያው ዘመን በፈረንሳይ አንድሬ ሻፕሎን የእንፋሎቱን መንገድ እያሰፋና የጢሱን መውጫ እያሻሻለ ከአሮጌ ሎኮሞቲቮች አዲስ ጕልበት ሲያወጣ፣ በበርሊን የተያዘው መንገድ የጥንቃቄ መንገድ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በምዕራብ ጀርመን የታቀዱት አዳዲስ ቦይለሮች ከእሳት ሣጥኑ ፊት የነበልባል ክፍል የተጨመረላቸውና ቱቦዎቻቸው ያጠሩ መሆናቸው፣ የአገሩ ሰዎችም ጕድለቱን እንዳወቁት ያሳያል።

የቦይለሩ ጕዳይ በወረቀት የሚቀር አይደለም፤ የሚከፈለው በሰው ትከሻ ነው። የእሳቱ ፍርግርግ 4.5 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ ከሰሉን የሚጨምረው አንድ እሳት አንዳጅ በአካፋ ነበር። አቃጆቹ ለሲሊንደሩ የሰጡት ጕልበት ከእሳት አንዳጁ ጕልበት በላይ ሊሄድ እንደሚችል ያሰቡበት አይመስልም። ሦስቱ ሲሊንደሮች የሚያዋጡት ከፍ ባለ ሥራ ላይ ነው ብለናል፤ ከፍ ያለ ሥራ ደግሞ ማለት ያ ሰው ሳያርፍ የሚያካፍበት ሰዓት ነው። ስለዚህ የመኪናው በጎነት በሙሉ የሚገለጠው ሌላ ነገር እሳቱን ሲመግብለት ነበር።

ይህም በእርግጥ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ ከ1,200 በላይ የሆኑት በምዕራብ፣ ከ300 በላይ የሆኑት በምሥራቅ ጀርመን ቀሩ። ከ200 የሚበልጡትን የፈረንሳይ ምድር ባቡር 150 ኤክስ ብሎ ሠራባቸው፤ በ1955ም 48ቱ ወደ ቱርክ ተሸጡ። በሁለቱም የጀርመን ክፍሎች አንዳንዶቹ በከሰል ፈንታ ወፍራም የነዳጅ ዘይት እንዲያነዱ ተለወጡ፤ በምሥራቅ ብቻ መቶ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው ተለውጠዋል። ዘይቱ አስቀድሞ በእንፋሎት ካልተሞቀ አይፈስም፤ ነገር ግን እሳት አንዳጁ አካፋውን ጥሎ ቧንቧ የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ሆነ፤ ቦይለሩም ሳይደክም ለረጅም ሰዓት እንፋሎት ሰጠ። በምሥራቅ ይህ ምቾት ብዙ አልቆየም፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዘይት ሲወደድ ሥራው ቆመ፤ ጥቂቶቹም ተመልሰው ወደ ከሰል ዞሩ።

የመኪናውን እውነተኛ ፈተና ለማየት የምንመክረው ከኤምደን ወደብ ወደ ራይነ የሚሄደውን መስመር ነው። በዚያ፣ ከመርከብ የተራገፈ የብረት ማዕድን የያዙና «ረጅሙ ሃይንሪኽ» የተባሉ 4,000 ቶን የሚመዝኑ ባቡሮች በሁለት የዐይነት 44 ሎኮሞቲቮች ይጐተቱ ነበር። አገሩ ሜዳ ነው፤ ቢሆንም ለአንዱ 2,000 ቶን ይደርሰዋል። በ1926 ለአቃጆቹ ተሰጥቶ የነበረው ግብ በኮረብታማ መስመር 1,200 ቶን መጐተት ነበር። በሜዳ ላይም ቢሆን ይህን ያህል ጭነት ከቆመበት ማንቀሳቀስ፣ በ1927 የከሰል ሚዛን ላይ ያልታየው ያ የተቀጣጠለ ግፊት ምን ዋጋ እንዳለው ያሳያል። የምዕራብ ጀርመን መንግሥት ምድር ባቡር የመጨረሻውን የእንፋሎት ሥራ የፈጸመው በዚሁ በራይነ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1977 ሲሆን፣ ሎኮሞቲቩም ከእነዚህ አንዱ፣ ቍጥሩ 043 903 የሆነው ነበር። (በ1968 ሎኮሞቲቮቹ ለኮምፒውተር እንዲመቹ አዲስ ቍጥር ሲሰጣቸው፣ በዘይት የሚነዱት 44ቶች 043 ተባሉ፤ የተሸነፈው ተወዳዳሪ ቍጥር ለአሸናፊው ስም ሆነ።)

በዚህ ሒስ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን፤ ትክክለኛም ተቃውሞ ነው። መካከለኛው ሲሊንደር ያለ ድካም አልተያዘም። የውጪው ቢዬላ ሲሞቅ ነጂው ቆሞ በእጁ ይዳስሰዋል፤ የውስጡን ግን ለማየት መኪናውን በጕድጓድ ላይ አቁሞ ከሥሩ ገብቶ፣ ጥላሸትና ዘይት በሚንጠባጠብበት መካከል መሥራት ግድ ነው። ጥሩ ጋራዥና የሠለጠነ ሰው በሌለበት ስፍራ ይህ ሲሊንደር የብልሽት ምንጭ ይሆናል። ስለዚህ ዐይነት 43ን የመረጡትን ሰዎች ባለማወቅ አንወቅሳቸውም፤ የምንወቅሳቸው ይህን የጥገና ድካም በግልጽ አንሥተው ከነውጡና ከመንሸራተቱ ጋር አመዛዝነው በመወሰን ፈንታ የከሰሉን ቍጥር ብቻ አንሥተው በመወሰናቸው ነው። የጥገናው ምክንያት ቢቀርብ ኖሮ ክርክሩ ከባድ በሆነ ነበር፤ እኛም ምናልባት ለአንዳንድ መስመር ባለ ሁለቱን እንመርጥ ነበር። ለኤምደንና ለራይነ ግን አንመርጥም።